ጭቃ ሹም ሳይሾሙ ጫካ አይገባም

ካፋ ላይ ዝናብ የክረምትን መግባት አይጠብቅም። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ በጅማ አድርጋችሁ ቦንጋ እስክትደርሱ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አስፋልት ስለሆነ ማንም ይነዳዋል። ጉዱ ያለው ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ወደ ቡና ጫካው ስትታጠፉ ነው። መንገዱ ቀይ አፈር ነው። ላዩን ቅጠል ሸፍኖታል፤ ዛፉ ግራና ቀኝ ስለገጠመ ፀሐይ አያገኘውም። ዝናቡ ካቆመ ከሦስት ቀን በኋላ እንኳ እርጥብ ነው።

እኔና ጓደኛዬ በአንዲት አሮጌ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር በዚህ መንገድ እንመላለሳለን። ስንት ጊዜ እንደተያዝን መቁጠር ትተናል። አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋ ጥፋት የለባትም። መሪ የያዘው ሰው «ይሄንንማ አልፈዋለሁ» ሲል ነው የምንያዘው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ጎማና ስለ ማርሽ ብዙ ብጽፍም፣ ዋናው ጉዳዬ ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ስለሚሄደው ሁለተኛ ሰው ነው። እኛ «ጭቃ ሹም» እንለዋለን። ድሮ ጭቃ ሹም የመንደር ሹመት ነበር። የኛው ደግሞ ቦት ጫማ አጥልቆ፣ ዱላ ይዞ፣ ከመኪናው ፊት ጭቃ ሲያቦካ የሚውል ሰው ነው።

አንደኛ፦ ሹመቱን ቤት ውስጥ ጨርሱ

ማን እንደሚነዳና ማን እንደሚወርድ ጫካው አፍ ላይ ቆማችሁ አትከራከሩ። ቁርስ ላይ ተስማሙ። ተራ መለዋወጥ ጥሩ ነው፤ በአንድ መጥፎ ቦታ መሀል ላይ ግን አትለዋወጡ።

ሕጉ አንድ ነው። ጭቃ ሹሙ «ቁም» ካለ መኪናው ይቆማል። «ለምን?» የሚባለው ከቆመ በኋላ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ መሪ ይዛችሁ፣ መኪናው እየሄደላችሁ፣ አሥር ሜትር ሲቀራችሁ «ቁም» ሲሏችሁ ግን ሞክሩት። እኔ አንድ ጊዜ እምቢ ብዬ ነዳሁ። አጅሬ ያየው እኔ የማላየውን የበሰበሰ ግንድ ነበር፤ ከቅጠሉ ሥር ተኝቶ። የፊት ግራ ጎማ ሰብሮት ገባ። ከረፋዱ 4 ሰዓት የገባን እስከ 9 ሰዓት እዚያው ዋልን።

ሁለተኛ፦ መንገድ ስትጠይቁ የምትጠይቁትን እወቁ

«መንገዱ እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «ደህና ነው» ነው። «ሩቅ ነው?» ካላችሁ «ቅርብ ነው» ትባላላችሁ። እንግዳን ማስከፋት ነውር ስለሆነ ነው እንጂ ሰዎቹ ሊያታልሏችሁ ፈልገው አይደለም። እንዲህ ጠይቁ፦ «ትናንት መኪና አልፏል? ምን ዓይነት መኪና? ተመልሶ ወጥቷል?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። ቡና የሚጭን የአይሱዙ ሹፌር ወይም የሞተር ሳይክል ነጂ ካገኛችሁ ከሁሉም በላይ እሱን ስሙ። ግን አይሱዙ አለፈ ማለት እናንተ ታልፋላችሁ ማለት አይደለም። የእሱ ጎማ የቆፈረው ቦይ ለእናንተ መኪና ሆድ ሊጠልቅ ይችላል።

በጠዋት ግቡ። በዚያ አካባቢ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ መምጣት ይወዳል። እኛ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስተን፣ 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን መመለሻውን እናስባለን። የገባችሁበት መንገድ ከአንድ ዝናብ በኋላ ሌላ መንገድ ነው።

ሦስተኛ፦ ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም። እጀታው አጠር ያለ አካፋ ያዙ፤ ረጅሙ መኪና ሥር አይገባም። ክሪክ ያዙ፤ ከክሪኩ ጋር 40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ካልያዛችሁ ግን ክሪኩን ቤት ተውት። ጭቃ ላይ መኪናውን ከማንሳት ይልቅ ራሱ ወደ ታች ይገባል። ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፣ ሁለት ሻክል (ገመዱን ከመኪናው ጋር የሚያያይዝ የብረት ቀለበት)፣ የንፋስ መለኪያ፣ ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ የንፋስ መሙያ፣ ወፍራም ጓንት፣ የግንባር ባትሪ፣ ውሃና ምግብ። ስኮርታው ንፋስ እንዳለው ከመነሳታችሁ በፊት ለኩት። ያልተለካ ስኮርታ ማለት ጭነት ነው።

ሰንሰለት ካላችሁ ያዙ። ነገር ግን ሰንሰለት ጎማ ላይ የሚታሰረው ከመያዝ በፊት ነው። እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ የገባ ጎማ ላይ ሰንሰለት ለማሰር የሞከረ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል።

ገመዱ የት እንደሚታሰር አስፋልት ላይ እያላችሁ ተንበርክካችሁ እዩ። ከሻሲው ጋር በብሎን የታሰረ የመጎተቻ ቀለበት መኖር አለበት። ፓራውልት ላይ አይታሰርም። ተሳቢ የሚያያዝበት ክብ ኳስ ላይም አይታሰርም። ተበጥሶ ሲወረወር ሰው ይገድላል።

አራተኛ፦ ንፋስ አውጡ

ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ይህ ነው። ሰው ግን ይሰስታል። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የያዘ ጎማ ጭቃ ላይ እንደ ድንጋይ ነው፤ አፈሩን አይጨብጥም። ከአስፋልት እንደወረዳችሁ፣ ገና ሳትያዙ፣ ወደ 22 አውርዱት። ጎማው ይረዝማል፣ ሆዱ ይሰፋል፣ ጥርሱ መያዝ ይጀምራል። ከባድ ጭነት ከኋላ ካላችሁ የኋላውን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ስትያዙ 18 ድረስ መውረድ ይቻላል። ከ15 በታች ግን ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል፤ በተለይ መሪ አጥፋችሁ ነዳጅ ስትሰጡ። ንፋስ የቀነሰ ጎማ ይዞ መፍጠንም አይቻልም።

አምስተኛ፦ ድጡን ከማጡ ለዩ

«ከድጡ ወደ ማጡ» ስንል ከመጥፎ ወደ ባሰ ማለታችን ነው። ጫካ ውስጥ ግን ሁለቱ ቃላት ቴክኒክ ናቸው። አነዳዳቸው ይለያያል፤ ለይቶ የሚነግራችሁም ጭቃ ሹሙ ነው።

ድጥ ማለት ላዩ ብቻ የራሰ፣ ሥሩ ጠንካራ መሬት ነው። ቀይ አፈር ሲሆን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ዱላው ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ገብቶ ጠንካራ ነገር ይመታል። ድጥ አያሰምጥም፤ ይወረውራል እንጂ። አደጋው ገደልና ዛፍ ነው።

ማጥ ሲሆን ዱላው ሲገባ ዝም ብሎ ይገባል፤ ስታወጡትም ይጎትታል። ውሃ የሚያቁርበት ረባዳ ቦታ፣ ምንጭ የሚያቋርጠው መንገድ፣ ከባድ መኪና ደጋግሞ ያቦካው ቦታ ማጥ ነው። ይህ አይወረውርም፤ ይውጣል።

አሁን ስለ ዱላው። ቀጥ ያለ፣ ደረት የሚደርስ ይሁን። ከመነሳታችሁ በፊት ከጎማው ጎን አቁሙትና መሬቱን ነክቶ እስከ ዲፍረንሻሉ (ከመኪናው ሥር በሁለቱ ጎማዎች መሀል ያለው ክብ የማርሽ ቤት) ሆድ ያለውን ቁመት በቢላ ምልክት አድርጉበት። እንደኛው ባለ ላንድክሩዘር 22 ወይም 23 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ሁለተኛ ምልክት ደግሞ የጎማው መሀል ላይ ይሁን። ጭቃ ሹሙ ዱላውን የጎማ ቦዩ ውስጥ ይከታል። ጠንካራውን መሬት ሲያገኝ የቦዩ ጠርዝ ከመጀመሪያው ምልክት በታች ከሆነ በቦዩ ውስጥ መንዳት ይቻላል። ካለፈ ዲፍረንሻሉ መሀል ያለው ጉብታ ላይ ይቀመጣል፤ አራቱም ጎማ ባዶውን ይዞራል። ያን ጊዜ ቦዩን መሀል አድርጋችሁ ማለፍ አለባችሁ፦ አንዱ ጎማ በጉብታው፣ ሌላው በዳሩ። በማጥ ደግሞ ዱላው እስከ ሁለተኛው ምልክት ከገባ አትግቡ። ሌላ መንገድ ፈልጉ ወይም ተመለሱ።

ጭቃ ሹሙ መንገዱን ሙሉ ይሂደው። መግቢያውን አይቶ «ይሄዳል» የሚል ሹም ይሻራል። መጨረሻውን፣ ማለትም ጎማው ጠንካራ መሬት የሚይዝበትን ቦታ በዓይኑ ማየት አለበት። ስንመለስ እኔ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፦ «መሀል ላይ ብንቆም የት ነው የምንቆመው?» መልስ ከሌለው እኔም ወርጄ አያለሁ።

ስድስተኛ፦ ምልክት

ሞተር እየጮኸ ቃል አይሰማም። መስኮቱን ክፈቱ፣ ሙዚቃውን ዝጉ፣ በእጅ ተግባቡ። የኛ አራት ነው። ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ መዳፍ ተዘርግቶ፦ ቁም። አንድ እጅ ወደ ጎን ተዘርግቶ፦ መሪውን ወደዚህ። ሁለት እጅ ወደ ደረት እየሳበ፦ ና፣ ቀስ ብለህ። ጡጫ፦ መሪውን እንዳለ ያዝ። ከዚህ በላይ አትጨምሩ፤ ትረሱታላችሁ።

ግራና ቀኝ የሚባለው የሹፌሩ ግራና ቀኝ ነው። ፊት ለፊት የቆመ ሰው የራሱን ግራ ካሳየ ቀኑ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ «ግራ» ከማለት ወደ ቦታው መጠቆም ይሻላል።

ጭቃ ሹሙ ከመኪናው ቢያንስ አሥር ሜትር ቀድሞ፣ ከመስመሩ ወደ ጎን ወጥቶ ይቁም። ቁልቁለት ላይ ከመኪናው በታች አይቆምም። በመኪናና በዛፍ መሀልም አይቆምም። መኪናው ድጥ ላይ ሲሄድ ደግሞ ወደ ኋላ እየተራመደ አይመራም፤ ራሱ ሊወድቅ ይችላል። ቆሞ ያሳልፋል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳል።

ሰባተኛ፦ አሁን ንዱ

የፊት ጎማ መሀል ላይ ያለውን መቆለፊያ ወደ «ሎክ» አዙሩ፤ ይህ ዓይነት መቆለፊያ ያለው መኪና ከሆነ። ፎር ዊሉን ጭቃው ከመድረሱ በፊት አስገቡ። ብዙ ሰው ከተያዘ በኋላ ነው የሚያስገባው። አውራ ጣታችሁን ከመሪው ውስጥ አውጡ፤ ጎማው ሥር ወይም ድንጋይ ሲመታ መሪው ተፈትልኮ ጣት ይሰብራል። ቀበቶ እሰሩ።

ድጥ ላይ ቀስ በሉ። «ኤል 4» (ዝቅተኛውን የፎር ዊል ማርሽ) አስገብታችሁ ሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ለስለስ አድርጋችሁ። ጎማ ባዶውን ከዞረ ድጡን የባሰ ያለሰልሰዋል። ፍሬን በድንገት አትያዙ። መሪም በድንገት አታጥፉ። የፊቱ ወደ ጎን መንሸራተት ከጀመረ ነዳጁን ላላ አድርጉ፤ ጎማው እንደገና መሬት ሲይዝ ይሰማችኋል።

ማጥ ላይ ግን ቀስ ማለት መያዝ ነው። ጠንካራው መሬት ላይ ሳላችሁ ፍጥነቱን አስተካክላችሁ፣ «ኤች 4» (ከፍተኛው የፎር ዊል ማርሽ) ላይ ሁለተኛ ወይም «ኤል 4» ላይ ሦስተኛ ማርሽ ይዛችሁ ግቡ። መሀል ላይ ማርሽ አይቀየርም። ፍሪሲዮን አይረገጥም። ነዳጁ እኩል ይሁን። መፍጠን ማለት ግን መብረር አይደለም፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። እኛ ከ15 ወይም ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት አናልፍም። መኪናው እየደከመ ሲመጣ መሪውን በፍጥነት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሩብ ሩብ ዙር አወዛውዙት፤ የጎማው የጎን ጥርስ አዲስ አፈር ያገኛል። እሱም ካልሠራ፣ ወደ ፊት መሄድ ቆሞ ጎማው ብቻ ከዞረ፣ እስከ ሦስት ቁጠሩና አቁሙ። ከሦስት በኋላ እየነዳችሁ ሳይሆን እየቆፈራችሁ ነው። ወዲያውኑ በኋላ ማርሽ በገባችሁበት ዱካ ለመውጣት ሞክሩ። በአብዛኛው ይሠራል።

ቦይ ውስጥ ስትነዱ አንድ ወጥመድ አለ። መሪውን ብታጥፉም መኪናው ቦዩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጎማው ታጥፎ እንደሆነ ትረሳላችሁ። ቦዩ ድንገት ሲያልቅ መኪናው ወደታጠፈበት ይወረወራል። ስለዚህ የጭቃ ሹሙ ዓይን የፊት ጎማው ላይ ይሁን።

ስምንተኛ፦ ዳገትና ቁልቁለት

ዳገት መሀል ላይ ካቃታችሁ ለመዞር አትሞክሩ። በጎን የዞረ መኪና ይገለበጣል። ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በማርሹ ኃይል ብቻ ውረዱ። ጭቃ ሹሙ ከመኪናው በታች ሳይቆም በጎን በኩል ሆኖ ይምራ።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ «ኤል 4» አንደኛ ወይም ሁለተኛ አስገቡና እግራችሁን ከፍሬኑም ከፍሪሲዮኑም አንሱ። ሞተሩ ይይዘዋል። ፍሬን ከረገጣችሁ ጎማው ይቆማል፣ መኪናው ግን አይቆምም፤ እንደ በረዶ ይንሸራተታል። መንሸራተት ከጀመረ ልባችሁ ፍሬን ርገጥ ይላችኋል። አትስሙት። ትንሽ ነዳጅ ስጡ። ጎማው ከመኪናው ፍጥነት ጋር እኩል ሲዞር መሪው እንደገና ይሠራል። ይህን ባዶ ሜዳ ላይ፣ ገደል በሌለበት አንድ ጊዜ ተለማመዱት።

የግንድ ድልድይ ሲያጋጥማችሁ ሁለታችሁም ወርዳችሁ እያንዳንዱን ግንድ በእግር ሞክሩ። ጎማው የሚሄድበትን ሁለት ግንድ ምረጡ። ያለ ጭቃ ሹም የግንድ ድልድይ አይታለፍም። አለቀ።

ዘጠነኛ፦ ስትያዙ

ሞተሩን አጥፉ። ውረዱ። አሥር ደቂቃ ምንም አታድርጉ። እኛ ቴርሞሱን ከፍተን ቡና እንጠጣለን። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ የሚደረገው ክርክር ያልቃል።

ከዚያ ተንበርከኩና መኪናውን የያዘው ምን እንደሆነ እዩ። ጎማው ነው ወይስ ሆዱ? ሆዱ ተቀምጦ ከሆነ ከጎማው ፊት ብቻ መቆፈር ጉልበት ማባከን ነው። መጀመሪያ ከዲፍረንሻሉ ሥር ያለውን አፈር አውጡ። ቀጥሎ ከአራቱም ጎማ ፊት፣ መውጣት ወደምትፈልጉበት በኩል፣ ረዘም ያለ ተዳፋት ቆፍሩ። ውሃ ካለ መውረጃ ቦይ አውጡለት። ንፋሱን ወደ 18 አውርዱ። ድንጋይ፣ የወደቀ ደረቅ እንጨት፣ ቅርንጫፍ አንጥፉ። ቁሙን ያለ ዛፍ አትቁረጡ። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የካፋን ጫካ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ ከዚያም በላይ «የማንም አይደለም» ብላችሁ የምትቆርጡት ለአንድ ገበሬ ቡና ጥላ ነው።

ክሪክ ከተጠቀማችሁ ጣውላው ላይ አቁሙት፣ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ደግፉ፣ የተነሳው ጎማ ሥር እንጨትና ድንጋይ ሙሉ፣ አውርዱት። በክሪክ የቆመ መኪና ሥር እጅም ሆነ ጭንቅላት አይገባም።

በዊንች (መኪናው ላይ በተገጠመ የገመድ መጠቅለያ) ወይም በገመድ ዛፍ ላይ የምታስሩ ከሆነ ሰፊ ቀበቶ ተጠቀሙ፤ ቀጭን ካቦ ልጡን ይልጠዋል። ከማሰራችሁ በፊት ደግሞ ወደ ላይ እዩ። በካፋ ጫካ ገበሬው ቀፎ የሚሰቅለው ረጃጅም ዛፍ ላይ ነው። ያንን ዛፍ በሞተር ጉልበት ከነቀነቃችሁት ከጭቃው መውጣት የቀኑ ትንሹ ችግር ይሆናል። ገመዱ ሲወጠር መሀሉ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ካፖርት ጣሉበት፤ ከተበጠሰ አቅሙን ያበርደዋል። ሰው ሁሉ የገመዱን ርዝመት አንድ ተኩል ያህል ይራቅ። የተወጠረ ገመድ ማንም አይሻገርም።

ሰው መምጣቱ አይቀርም። ጫካው ባዶ ይመስላል፤ ሞተር ሲጮህ ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ አሥር ሰው ታገኛላችሁ። በዕድሜ ከፍ ያሉትን አባት ሰላም በሉ፣ ሥራውንም ክፍያውንም ከእሳቸው ጋር ተነጋገሩ፣ ከመጀመሩ በፊት። ለሁሉም እኩል የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ጭቃ ሹሙ አዛዥ ይሆናል። ልጆች ይራቁ። ገፊዎች በጎንና በኋላ ጥግ ይቁሙ፤ በቀጥታ ከሚዞር ጎማ ጀርባ ማንም አይቁም። ጎማው የሚወረውረው ጭቃ ብቻ አይደለም፤ ያነጠፋችሁት እንጨትና ድንጋይም ይወረወራል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሹፌሩም ነዳጅ የሚሰጠው በእሱ ድምፅ ነው።

ስትወጡ ጠንካራ መሬት እስክትደርሱ አትቁሙ። ለማመስገን መሀል ላይ ቆሞ እንደገና የተያዘ ሰው አውቃለሁ። እየጻፈላችሁ ነው።

አሥረኛ፦ አስፋልት ላይ ስትደርሱ

ፎር ዊሉን አውጡ፤ የፊቱንም መቆለፊያ ወደ «ፍሪ» መልሱ። ደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል መንዳት የፎር ዊሉን ማርሽ ሳጥን ይጎዳል። ንፋሱን ወደ 35 መልሱ። ቸርኬው ውስጥ የተጋገረውን ጭቃ በዱላው አውጡ፤ ካልወጣ ከ60 በላይ ስትነዱ መሪው ይንቀጠቀጣል። ራዲያተሩ ፊት የተለጠፈውን ጭቃም አንሱ። ማርሚታው አካባቢ የተወተፈ ደረቅ ሣርና ቅጠል ካለ አውጡት፤ እሳት ያስነሳል። ከዚያ በዝግታ እየሄዳችሁ ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ ርገጡ፤ እስኪደርቅ ድረስ ደካማ ነው።

ቤት ስትደርሱ ላቫጆ ላይ «ከሥር» በሉ። ላዩን ብቻ ካጠቡላችሁ ጭቃው ባሌስትራው ውስጥ ሲሚንቶ ይሆናል። ከዚያ ግራሶ አስገቡ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ ከነበረ የዲፍረንሻሉን ዘይት አስፈትሹ፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታልና ሳይቀየር ሌላ ጉዞ አትሂዱ። ፖርታመጋላው ላይ ያለውን ዱላ ደግሞ እንዳይጥሉባችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የኛን የመጀመሪያውን ማገዶ መስሏቸው ጥለውታል።